ከንፈር እያነበብኩ ያጣሁት ጆሮ

መጀመሪያ የከዳኝ ወለሉ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የአራተኛውን የሽመና ማሽን ማግ ልቀይር ጎንበስ ስል ወለሉ ወደ ግራ ሸሸ። ማዞር አልነበረም፤ ማዞሩ በኋላ ነው የመጣው። የቆምኩበትን ምንጣፍ ሰው የሳበብኝ መሰለኝ። የማሽኑን ብረት ያዝኩ። መወርወሪያው ከጣቴ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ይመላለሳል። ግራ ጆሮዬ ውኃ እንደገባበት ድፍን አለ። ከዚያ ዞረ። ጣሪያው ዞረ። አምፖሉ ዞረ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አልቆመም። የጥጥ ውዳቂ የምንጥልበት በርሜል ላይ ተደፍቼ ቁርሴን በሙሉ አስመለስኩት።

ካቦው መጥቶ ከላይ ሆኖ አየኝ። ማሽኑ ለምን ቆመ ነው ያለኝ። ሰው በርሜል ላይ ተደፍቶ እያየ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ማሽኑ ነው። ይህን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ይቅር ባይ ሴት የጻፈችውን ማንበብ የሚፈልግ ካለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልግ። እኔ የምጽፈው ሲያዞረው ቁርስ ስላልበላህ ነው ለተባለ፣ ጆሮው ሲጮህ ይለቅሃል ለተባለ ሰው ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ከተናደድኩባቸው ሰዎች መካከል እኔም አለሁበት።

የምሠራው ቃሊቲ ዳር በነበረ የሽመና ፋብሪካ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ዘመኑ መንግሥት ፋብሪካዎችን ለግል ባለሀብት የሚሸጥበት ስለነበር የእኛም ዛሬ ተሸጠ ነገ ተሸጠ እየተባለ በወሬ ነበር የምንኖረው። ሽመና ክፍል ገብቶ ለማያውቅ ሰው ጩኸቱን ባወራለት አይገባውም። ማሽኖቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲወረውሩ አጠገብሽ ያለችው ሴት ብትጮህ አትሰሚያትም። ስለዚህ ማንም አይጮህም። ከንፈር ነው የምናየው። አዲስ የገባች ሴት በስድስት ወር ትለምደዋለች፤ ዓመት ሲሞላት ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ማማት ትችላለች። ድምፅ የለም፤ ከንፈርና እጅ ብቻ። ሙያ ነው ብለን አስበነው አናውቅም፤ እንዲያው ከሥራው ጋር የሚመጣ ነገር ነበር።

አስናቁ ከእኔ ቀጥሎ ያሉትን ማሽኖች ትይዝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። ትንሿን ልጇን ክርስትና ያነሳሁላት እኔ ነኝ፤ አበልጄ ናት። በፋብሪካው ውስጥ እንደሷ ጥርት አድርጎ በከንፈር የሚያወራ አልነበረም። ሌላ ሰው ከጀርባዬ የሚለኝን ሁሉ እሷ እያየች ፊት ለፊት በከንፈሯ ትደግምልኛለች። ካቦው ሲጠራኝ ትጠቁመኛለች፣ ሰርቪስ ውስጥ ስንሳፈር የሚወራውን ታቀብለኛለች። ይህን ለስንት ጊዜ እንዳደረገችልኝ እኔ አላውቅም ነበር። እሷ ግን ታውቃለች።

እንግዲህ ነገሩ ይታያችሁ። ማንም በማይሰማበት ቤት የምትውል ሴት መስማት ስታቆም ማን ያውቅባታል? ራሷም አታውቅም። እኔ የነቃሁት በስልክ ነው። አንድ ቀን የሱቅ ስልክ አንስቼ ከእህቴ ጋር ሳወራ እጀታውን በግራ ጆሮዬ ስይዘው ድምጿ ብርድ ልብስ ውስጥ የተቀበረ ሆነብኝ። ወደ ቀኝ ሳዞረው ጥርት አለ። ስልኩ ነው አልኩ። ሰው ራሱን ለማታለል ምክንያት አያንሰውም።

የፋብሪካችን ክሊኒክ አንድ ድሬሰር ነበረው። እጁን ኪሱ ከትቶ ነው በሽተኛ የሚያየው። መጀመሪያ ደም ማነስ አለኝና የብረት ኪኒን ሰጠኝ። በሁለተኛው ጨጓራ አለኝ። በሦስተኛው የሽመና ሴቶች ሁላችሁም ቁርስ እየዘለላችሁ ታዞራላችሁ ብሎ ሰደበኝ። ጆሮዬ ይጮኻል ስለው እዚያ ውስጥ ቆሞ የማን ጆሮ አይጮኽም አለኝ። አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬን አልነካውም። ጠዋት ጠዋት የጣቶቼ መገጣጠሚያ ተቆልፎ ማግ መያዝ እንደሚያቅተኝ፣ አንዳንዴ ዓይኔ ያለ ምክንያት ደም እንደሚመስል አልጠየቀኝም፤ እኔም ከጆሮ ጋር የሚገናኝ ስላልመሰለኝ አልነገርኩትም። ባለቤቴ አበራ ደግሞ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሽቶ አስሸተተኝ። የሱ ይሻላል፤ ቢያንስ ነክቶኛል።

ማዞሩ በወር ሁለቴ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ሆነ። ሲይዘኝ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀን። አልጋ ላይ ተጋድሜ የግድግዳውን ሚስማር አፍጥጬ አያለሁ። ሚስማሩ ይሄዳል። ይመለሳል። ይሄዳል። ግራ ጆሮዬ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ሲለቀኝ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ተነሥቼ ሥራ እገባለሁ፤ ሰዉ አመሌ ይመስለዋል።

በዚህ መሃል ምርመራው መጣ። ፋብሪካው ከመሸጡ በፊት ሠራተኛ ሁሉ የጤና ምርመራ ያድርግ ተባለ። ወሬው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጤና የጎደለው በቦርድ ይወጣል፣ ቅነሳው ከበሽተኛ ይጀምራል ነው። የአበራ የዘበኝነት ደመወዝ ብቻውን ቤታችንን አያዘልቅም። ለአስናቁ ግራ ጆሮዬ ሰነፈብኝ ብዬ ነገርኳት። አልደነገጠችም። አውቃለሁ አለችኝ፣ አንቺ ከማወቅሽ በፊት አውቃለሁ። አትስጊ፣ እኔ አለሁ አለች።

የጆሮ ምርመራው መሣሪያ አልነበረውም። መርማሪው ከጀርባ ይቆምና አንዱን ጆሮሽን በጣትሽ አስደፍኖ ቁጥር ያንሾካሹካል፤ አንቺ ትደግሚዋለሽ። ከንፈር እንዳናይ ነው ከጀርባ መቆሙ፤ የሽመና ሰው መሆናችንን ሰምቷል ማለት ነው። ያልሰማው ነገር ግን አስናቁ ተራዋን እየጠበቀች ከፊቴ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጧን ነው። ከትከሻዬ በላይ የሰውየውን ከንፈር ታያለች፣ ቁጥሩን በራሷ ከንፈር ታቀብለኛለች። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሦስት አልኩ። አሥራ ሰባት። አሥራ ሰባት አልኩ። አንድም አልሳትኩም። ወረቀቴ ላይ «የመስማት ችሎታ፦ ሁለቱም ጤናማ» ብሎ ማኅተም መታበት።

ከዚያ ወጥተን እስክንጠግብ ሳቅን። ግቢው ዛፍ ሥር ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ጉድ እኮ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተመቸኝ ጥቂት ነው፤ ሳስበው ዛሬም ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

በሁለት ወር ውስጥ ግራ ጆሮዬ ሞተ። ቀስ ብሎ አይደለም፤ ይመለስና ይሄድ፣ ይመለስና ይሄድ የነበረው አንድ ቀን ሄዶ ቀረ። መሃል ከተማ ያለ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ሪፈር አስጽፌ ሄድኩ። ከአንገት በላይ ክፍል ያገኘሁት አዛውንት ሐኪም የፋብሪካውን ወረቀት አየና ከሁለት ወር በፊት ጤነኛ ነበርሽ አለኝ። አዎን አልኩ። ምን ልበል? ሜኔር የሚባል የውስጥ ጆሮ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ጨው ቀንሺ፣ ቡና ቀንሺ፣ የማዞር ኪኒን ውሰጂ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ አለኝ። ሰውየው አልተሳሳተም፤ የሰጠሁት ወረቀት ነው የዋሸው። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል የማልቆጣው እሱን ብቻ ነው።

ስድስት ወር አልሞላም። ሦስት ሳምንት አልሞላም።

ጠዋት ነው። ነቃሁ። ፀጥ ብሏል። ቤታችን ከከባድ መኪናው መንገድ ጀርባ ነው፤ እዚያ ፀጥታ የለም። አበራ በሩ ላይ ቆሞ አፉን ያንቀሳቅሳል። ተነሽ፣ ረፈደ ይላል። ከንፈሩን አየሁት። ድምፁን አልሰማሁም። ቀኝ ጆሮዬን በመዳፌ መታሁት። እንደገና መታሁት። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ የሆነ ነገር ጠብ አለ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እስከ ረፋድ ትንሽ ተመለሰልኝ። ሆስፒታል ልሄድ ወጥቼ አስፋልቱን ስሻገር ሚዛኔ ከዳኝና መሃል መንገድ ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ። አንድ ተሳቢ መኪና አጠገቤ ደርሶ ቆመ። ክላክሱን አልሰማሁትም። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ የተናገረውን ግን አየሁት፤ በጠዋቱ ሰክረሽ ነው አለኝ፣ ሌላም ጨመረ። ከንፈር ማንበብ ስድብንም አያስቀርም።

በዚያ ቀን ያገኘኋት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። በአሥር ዓመት ታንሰኛለች፤ አንቺ ትለኛለች፣ እኔ እርስዎ እላታለሁ። ይኼም ሳያንስ ፊቷ የተኮሳተረ ነው። ድምፅ በማይገባበት ትንሽ ክፍል አስገብታ ኦዲዮግራም አስነሣችኝ፤ በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ስትሰሚ ቁልፍ የምትጫኚበት ነው። ሲያልቅ ወረቀቱን አየች። ግራው የለም። ቀኙ እየወረደ ነው። ከዚያ የፋብሪካውን ወረቀት አነሣችና አፏን ሸፈነችበት። ጠበቅኩ። ወረቀቱን ከአፏ ዝቅ አደረገችው።

«አፌን ሸፍኜ ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩሽ፣ አንዱንም አልመለስሽም» አለችኝ። «ቅድም ፊት ለፊት ስናወራ ሁሉንም መልሰሽልኛል። ከንፈሬን ነው የምታነቢው። ይህን ምርመራ እንዴት አለፍሽ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። የማሽን ጩኸት ጆሮ የሚያበላሸው በዓመታት ነው፣ ሁለቱንም እኩል ነው፣ እንዲህ አያዞርም አለች። ድንገት በአንድ ጊዜ የሚሄድ ጆሮ ሌላ ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየወጣ እየወረደ አንዱን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው የሚሻገር ግን ሦስተኛ ዓይነት አለ። የሰውነት በሽታ መከላከያ ራሱ ውስጠኛውን ጆሮ ባዕድ ነው ብሎ ሲያጠቃው ነው፤ ዘበኛ የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ እንደመቀጥቀጥ። አውቶኢሚውን ይባላል። መስሚያውም ሚዛን መጠበቂያውም እዚያው ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ስለሆኑ ነው ሁለቱ አብረው የሚጎዱት። ይህን በሽታ አረጋግጦ የሚናገር አንድ የደም ምርመራ የለም አለች። የሚናገረው ታሪክሽ ነው።

«ይህ ወረቀት እውነት ከሆነ መድኃኒቱን አልጀምርልሽም፤ ከባድ መድኃኒት ነው። ውሸት ከሆነ ዛሬውኑ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ለቀኝ ጆሮሽ የቀረው ጊዜ በቀን የሚቆጠር ነው። የትኛው ነው?»

ተናገርኩ። ሁሉንም። ጣቴን፣ ዓይኔን፣ ስልኩን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ሠላሳ ሦስትን። መቼ ጀመረሽ ስትለኝ ግን መመለስ አቃተኝ። ያልሰማሁትን ነገር ከመቼ ጀምሮ እንዳልሰማሁት በምን ልወቅ? ያቺ ጓደኛሽ ታውቃለች፣ ጥሪያት አለችኝ።

አስናቁ በማግስቱ ከፈረቃ መልስ መጣች። ስሜ አይጻፍ አለች፤ አይጻፍም ተባለላት። ከዚያ ቁጭ ብላ እንደ ምስክር ተናገረች። ከጀርባ ስትጠራኝ መዞር የተውኩበትን ሳምንት ታውቀዋለች፤ ከመጀመሪያው ማዞር አራት ወር ይቀድማል። ደኅና የሰማሁባቸውን ሳምንታት፣ መልሶ የጠፋብኝን፣ ሰርቪስ ውስጥ ቀኝ ጆሮዬን ወደ ሰው ማዞር የጀመርኩበትን ሁሉ ቆጠረች። ሐኪሟ እየጻፈች ራሷን ትነቀንቃለች። አሥራ አንድ ወር አለች። እኔ አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንዲት ሴት በዝምታ እንዳዘለችኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ማልቀስ ሲገባኝ ተቆጣኋት። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ብነግርሽ ምን ልታደርጊ ነበር አለችኝ። ፊቴን አዞርኩባት።

ደም ወሰዱ። ደረቴን ኤክስሬይ አነሡ፤ የተደበቀ ቲቢ ካለ መድኃኒቱ ይቀሰቅሰዋል ተባለ። ስኳር አዩ። የቂጥኝ ምርመራ አደረጉ፤ እሱም ውስጠኛውን ጆሮ እንዲሁ ያጠቃል አሉኝ። በኋላ ጭንቅላቴንም በኤምአርአይ አዩልኝ፤ እጢ የለም። ኢኤስአር የሚሉት የሰውነት ብግነት መለኪያ ከፍ ብሏል፣ የመገጣጠሚያ በሽታ የሚያሳየው የሩማቶይድ ምርመራም ከፍ ብሏል፤ ጣቴን የሚቆልፈውና ጆሮዬን የሚበላው አንድ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል አለች ሐኪሟ። ሊሆን ይችላል ነው ያለችው። ነው አላለችም። ይህ ቃሏ ያን ጊዜ ቢያበሳጨኝም በኋላ ያመንኳት በሱ ነው።

መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ነው። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ፍሬ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለአራት ሳምንት፤ ከዚያ እያዩ መቀነስ። ለዚህ ረጅም የሕመም ፈቃድ ያስፈልገኛል። ፈቃዱን ይዤ አስተዳደር ቢሮ ሄድኩ።

ኃላፊው ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው። የሆስፒታሉ ከአሥራ አንድ ወር ጀምሮ ይላል። የፋብሪካው ሁለቱም ጤናማ ይላል።

«ወይ ያኔ አጭበርብረሻል፣ ወይ አሁን» አለኝ። ብቻዬን ላደርገው እንደማልችል ስለሚያውቅ ማን እንደረዳኝ ጠየቀኝ። ካልተናገርኩ በማጭበርበር እሰናበታለሁ፤ ሕክምናውም ፈቃዱም አብሮ ይቀራል። ከተናገርኩ ፈቃዱን ይፈርማል። ብዕሩን ይዟል። ቀኝ ጆሮዬ ይጮኻል።

ሐኪሟ ስሟን አልጻፈችም። እኔ ተናገርኩ።

አስናቁ አልኩ። ፈረመ።

በሳምንቱ አስናቁን አሰናበቷት። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። የሕመሜን ታሪክ ጽፌ ይህን ብተው ያ ወረቀት የዋሸውን ያህል እዋሻለሁ።

መድኃኒቱ እንደተባለው ከባድ ነው። እንቅልፍ ነሣኝ። ጠግቤ አላውቅም። ፊቴ አበጠና ክብ ሆነ፤ ጎረቤት ወፈርሽ፣ ተመቸሽ አለኝ። ያለ ምክንያት ደሜ ይፈላል፤ አበራን በጨው ማነስ ሰደብኩት፣ በማግስቱ በጨው መብዛት። ሆዴን እንዳያቃጥለኝ ሌላ ኪኒን ጨመሩልኝ። ሰባተኛው ቀን ምንም የለም። ስምንተኛው የለም። አስናቁን አጥፍቼ ጆሮዬም ሊቀር ነው አልኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ከኋላዬ አንድ ረዳት «ሳሪስ፣ ሳሪስ፣ አንድ ሰው!» ሲል ሰማሁ። ዞርኩ። ልጁን ከመስማቴ በፊት አላየሁትም። ሌላም ረዳት ከማዶ ጮኸ፣ እሱንም ሰማሁ። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ረዳቱ ትገቢያለሽ አትገቢም ብሎ ተቆጣኝ፣ ቁጣውንም ሰማሁት።

በወሩ ኦዲዮግራሙ ሲደገም ቀኙ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ለሰው ወሬ የሚበቃውን ያህል ተመልሷል፤ ግራው ግን እንደሞተ ቀርቷል። ለግራው ዘግይተናል አለችኝ ሐኪሟ፣ ጊዜው እጃችን ላይ እያለ ነው ያለፈው፤ ማን ዘንድ እንዳለፈ ግን አውቃለሁ። ኪኒኑን በየሳምንቱ እየቀነስን ስንወርድ አንድ ጊዜ ፈጠን አልንና ጆሮዬ መልሶ መደፈን ጀመረ፣ ወዲያው ከፍ አድርጋ በዝግታ አወረደችኝ፣ በዚያ ላይ መከላከያውን የሚያለዝብ ሌላ መድኃኒት ጨመረችልኝ፤ ይኼ ወጣ ወረድ ራሱ በሽታው ምን እንደሆነ ከደም ምርመራው ይበልጥ ነገረኝ አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ፈገግ ስትል አየኋት።

ሚዛኔ ግን በኪኒን የሚመለስ አልነበረም። ስራመድ የሱቅ ማስታወቂያው፣ የሰዉ ፊት፣ የመኪናው ታርጋ ሁሉ በእርምጃዬ ልክ ይዘላል፣ ለማንበብ መቆም አለብኝ፤ ሲመሽ ደግሞ እግሬ መሬቱን የሚያገኘው በግምት ነው። ለዚህ የተሰጠኝ ልምምድ ለሚያየው ሰው የእብድ ነው፤ አውራ ጣቴን ከፊቴ አቁሜ ዓይኔን ከሱ ሳልነቅል ራሴን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ፣ ፍራሽ ላይ እግሬን ገጥሜ መቆም፣ ከዚያም ዓይኔን ጨፍኜ መቆም፣ በየቀኑ ሳያሰልሱ መሄድ። መጀመሪያ ግድግዳ ይዤ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ አበራን ይዤ እስከ ዋናው መንገድ፣ በመጨረሻም ብቻዬን አቃቂ ድረስ በታክሲ ሄጄ በድሮው ባቡር ሐዲድ ላይ በእንጨቶቹ መካከል እየረገጥኩ፣ ባቡሩ ድሮ የቀረ ስለሆነ ማንም ሳይገፋኝ፣ ከብት የሚጠብቁት ልጆች እየሳቁብኝ፣ ወራት ሄድኩ፤ አእምሮ ጆሮ የነፈገውን ሚዛን ከዓይንና ከእግር መሰብሰብ እንደሚማር ያወቅኩት እዚያ ነው።

የምመክረውን ልናገር። ማዞር ከጆሮ መጮህና ከመስማት ማነስ ጋር አብሮ ከመጣ ደም ማነስ ነው ብሎ የሚሸኝህን ሰው አትመን፤ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ጆሮህንም በመሣሪያ አስለካ። ሁለተኛው ጆሮ ከጀመረህ በሳምንት ውስጥ አይደለም፣ በዚያው ቀን ሂድ። መገጣጠሚያህን፣ ዓይንህን፣ ቆዳህን የሚያምህ ነገር ካለ ባይጠይቁህም ተናገር። ስቴሮይድ ሲጀምሩልህ በራስህ ፈቃድ አታቋርጠው፣ ጎረቤት ወፈርክ ብሎ ደስ ስላለውም አትጨምረው። ጆሮህን ሸፍኖ የሚያኖርልህ ደግ ሰው ካለህ ደግነቱን አመስግነህ ሐኪም ዘንድ ይዘኸው ሂድ፤ ያልሰማኸውን የሚያውቀው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐኪም አታታል። የሽመና ሴቶች፣ ይኼ ለእናንተ ነው።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ያቺን ኮስታራ ሐኪም አመሰግናለሁ፤ የት እንዳለች አላውቅም። አበራን አመሰግናለሁ፤ ስድቤን ችሎኛል። አስናቁንም አመሰግናለሁ፤ ግን ይህን እሷ ዘንድ ደርሶ የሚነግርልኝ አላገኘሁም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬባታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ውኃ እንኳ ሳታቀምስ ሸኘቻቸው፤ ለሁለተኛዎቹ በር አልከፈተችም። የክርስትና ልጄም ለበዓል መምጣት ትታለች።

ባለፈው ሳምንት ጀማል ሱቅ ስኳር ልገዛ ገባሁ፤ ጀማል የሰፈራችን ባለሱቅ ነው። አስናቁ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ከሱ ጋር ታወራለች። አየችኝ። ተያየን። ከዚያ ከንፈሯን እንዳላይ ሆን ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ እንደማልሰማ ሁሉ።

«መጣች» አለችው ጀማልን። «ለአንድ ጆሮዋ ብላ የሦስት ልጆቼን እንጀራ የሸጠች። እግዜር ያንኛውንም ይድፈንላት።»

ጀማል አየኝና ዓይኑን ወደ ሚዛኑ ሰበረ። እሷ አልዞረችም። ከጀርባዋ ቆሜ ሰማሁት፣ አንድ ቃል ሳይቀረኝ፣ በደከመ ድምፅ የተናገረችውን፣ መሃሉ ላይ የተነፈሰችውን ትንፋሽ ሳይቀር። ደሜ ፈላ። ያለችው ግን እውነት ነው። ስኳሬን ይዤ ወጣሁ። ደጁን ስረግጥ ከአፌ ያመለጠኝ ተመስገን የሚል ቃል ነው። ሰማሁ፣ ተመስገን። ወዲያው አፈርኩና እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።